ለቡችላ የክትባት ቀጠሮ አወጣጥ፦ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚለኝ

የሎሚ አሳዳጊ
ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ዛሬ ግን ጨነቀኝና ልጠይቅ።

ሁለት ወር የሞላት ቡችላ ገዛሁ። ስሟ ሎሚ ነው። እናቷ የጀርመን ዘር ናት ተብሏል፣ አባቷን ግን ማንም አላየውም። የሸጠልኝ ልጅ «ክትባቷን ጨርሳለች፣ ምንም አታስቢ» አለኝ። ካርዷን ስጠኝ ስለው ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ ቀን አለ። ማኅተም የለም፣ የክትባቱ ስም የለም፣ ፊርማ የለም። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ቡችላዋ እጄ ላይ ተኝታ ስለነበር ዝም ብዬ ከፈልኩ።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ቦቢ የሚባል ትልቅ ውሻ አለ። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ትተውት የሄዱት ነው። አራት ወይም አምስት ዓመት ይሆነዋል። መርፌ የሚባል ነገር አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሦስት ሰው ጠየቅኩ። አንዱ «ሦስት ወር ሳይሞላት ምንም አይሰጣትም» አለኝ። ሌላዋ «አሁኑኑ የእብድ ውሻ አስወጊያት» አለች። ሦስተኛው «አንዴ ከተወጋች ለዕድሜ ልክ ነው» ብሎኝ አረፈ። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ነኝ። ቀጠሮዎቹን አንድ ላይ ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ መለጠፍ ነው የምፈልገው። በየትኛው ሳምንት ምን ትወስድ? ቦቢስ ከየት ይጀምር? ቅዳሜ ዝም ብሎ መሄድ ይቻላል ወይስ ቀጠሮ ማስያዝ አለብኝ?

ደግሞ ትናንት የጠራሁት መኪና ሹፌር ሎሚን ሲያይ በሩን ቆልፎ ሄደ። እናንተ እንዴት ነው የምታጓጉዙት?


እቴቴ ባለሦስት ውሻ
ሰኞ ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 2፡55

እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ። ሎሚ ትደግልሽ።

ያንን ወረቀት እርሺው። እንዳልተከተበች ቁጠሪያት። ቡችላ የሚሸጥ ሰው ሁሉ «ጨርሳለች» ነው የሚለው። በሁለት ወር ምኑን ትጨርሰዋለች?

ስለ መኪናው፦ የሙዝ ካርቶን ፈልጊ። ቀዳዳ አለው፣ አየር ያስገባል። ከታች ላስቲክ፣ ከላይ አሮጌ ጋቢ አንጥፊበት። ለሹፌሩ ገና ስትደውዪ ንገሪው። በር ላይ ሲደርስ ነው ሰው የሚናደደው። እኔ የሰፈሬን ባለባጃጅ ደንበኛ አድርጌዋለሁ፣ አሁን ከኔ በላይ ውሾቹን የሚወዳቸው እሱ ነው። ምግብ ከመንገዱ በፊት አትስጫት፣ ታስመልሳለች።

ቤት ድረስ የሚመጡ ሐኪሞችም አሉ። ሁለት ውሻ ስላለሽ ይሻልሻል። ጎረቤትሽም ውሻ ካለው አብራችሁ ጥሩት፣ የመንገዱን ትካፈላላችሁ።


ጋሽ ዘውዴ ዘኮልፌ
ሰኞ ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ፣ ሰው አያስጨንቅሽ። አባቴ መቻል የሚባል ውሻ ነበራቸው። አሥራ አራት ዓመት ኖረ። ሐኪም አላየም፣ መርፌ አላየም። ፍትፍት በልቶ፣ ሌሊቱን ጮኾ፣ ቀኑን ተኝቶ ኖረ። ዛሬ ውሻው ከልጅ በላይ ካርድ ያለው ሆነ። ለልጅ የሚከፈለው የትምህርት ቤት ክፍያ አልበቃ ብሎ!

አሁን ያለኝም ውሻ ስሙ መቻል ነው፣ በአባቴ ውሻ ስም። ግቢ ውስጥ ታስሮ ነው የሚውለው። እብደቱን ከየት ያመጣዋል? አጥር ዘሎ ይሸምተዋል?


የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ
ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 1፡10

ሰላም። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ሎሚ ስምንት ሳምንቷ ነው። ጥሩ ሰዓት ላይ ነው የጠየቅሽው። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያውን «ፋይቭ ኢን ዋን»፣ አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለውን፣ ትውሰድ። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት ቡችላ ጨራሾች እዚያ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በአራት ሳምንቱ ሁለተኛው ነው። በዚያው ቀን የእብድ ውሻ ክትባትም ትወስዳለች፣ ያኔ አሥራ ሁለት ሳምንት ስለሚሞላት። እንደገና በአራት ሳምንቱ ሦስተኛው። ሰው የሚተወው ይኼን ሦስተኛውን ነው። ቡችላዋ ትልቅ ትመስላለች፣ ትጫወታለች፣ ባለቤቱም «ይበቃታል» ይላል። ከሁሉም ሊተው የማይገባው ግን እሱ ነው።

ለምን መሰለሽ? ቡችላ ከእናቷ እንገር ጋር መከላከያም ትጠጣለች። ያ መከላከያ ደሟ ውስጥ እስካለ ድረስ የእኛን ክትባት ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከውጭ አይታይም። አንዷ ላይ በስምንት ሳምንት ያልቃል፣ ሌላዋ ላይ አሥራ አራት ሳምንት አልፎም ይቆያል። ስለዚህ የምንደጋግመው አንዱ በሌላው ላይ እንዲደመር ብለን አይደለም። ከሦስቱ አንዱ እንዲይዝላት ነው። ስንት ጊዜ ተወጋች የሚለው ብዙ አይነግረኝም። እኔ የምጠይቀው የመጨረሻውን ስትወጋ አሥራ ስድስት ሳምንት ሞልቷት ነበር ወይ ብዬ ነው።

ከዚያ በዓመቱ ሁሉም ይደገማል። ከዚያ ወዲያ የእብድ ውሻው በየዓመቱ ነው። ፓርቮና ዲስቴምፐር በየሦስት ዓመቱም ይበቃሉ። ከአይጥ ሽንት የሚመጣው ሌፕቶስፓይሮሲስ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት፣ መከላከያው ቶሎ ስለሚወርድ። ክሊኒኩ የያዘው ሁሉም አንድ ላይ የተቀመመበት ከሆነ ሁሉንም በየዓመቱ ሊሰጥሽ ይችላል። አትደንግጪ።

ቦቢ ቀላል ነው። እንገሩ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፣ ስለዚህ ክትባቱን የሚያከሽፍበት ነገር የለም። የእብድ ውሻ አሁን አንድ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሌላው አሁን አንድ፣ በአራት ሳምንቱ አንድ። የሚደገመው የአይጥ ሽንቱ ሁለት ዙር ስለሚፈልግ ነው። እንግዲህ ቦቢ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀጠሮዎች ከሎሚ ጋር በአንድ መኪና ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ቤት ይቀራል።

ቅዳሜ ሰው ይበዛል። ሳትደውዪ አትሂጂ። ስትደውዪ «ክፍት ናችሁ?» ብቻ አትበዪ። ክትባቱ በእጃቸው አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ አንዳንዴ ገበያ ላይ ይጠፋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነገር ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቂ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ደህና ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ስቲከር ተልጦ ካርዱ ላይ ይለጠፍ። የመለያ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን እሱ ላይ ነው ያለው።

ጋሽ ዘውዴ፣ እርስዎ ዘንድ በኋላ እመለሳለሁ። ከብት የታመመበት ሰው እየጠበቀኝ ነው።


የሎሚ አሳዳጊ
ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 6፡40

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በምሳ ሰዓት ነው የማነበው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የልጁ ወረቀት እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ሁለቴ ብትወጋ አይጎዳትም?


የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ
ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 7፡05

አይጎዳትም። በጣም ትንሽ ሆና ተወግታ ከሆነ እንገሩ አክሽፎት ይሆናል። እንዳልተወጋች ቆጥረሽ ጀምሪ። የማስጠነቅቅሽ ሌላ ነገር ነው፦ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካላት ክትባቱ ይዘግይ። ከተወጋች በኋላም ቶሎ አትውጡ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እዚያው ቁጭ በሉ። ፊቷ ካበጠ ወይም ካስመለሳት ሐኪሙ አጠገብሽ ነው። በዚያ ቀን ብትተኛብሽ ግን የሚያሳስብ አይደለም።


ማሂ ከሳሪስ
ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 1፡30

ቀጠሮ አትተዪ የሚለውን እኔ በደም ነው የተማርኩት።

አምና ሬክስ የሚባል ቡችላ ነበረኝ። የመጀመሪያውን ወጋሁት። ሁለተኛው ላይ ሥራ በዛብኝ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» እያልኩ ወር ተኩል አለፈ። በዚያ መሃል ሰፈር ውስጥ እያዞርኩ ለሰው ሁሉ አሳየው ነበር። እንደ ልጅ። አንድ ጠዋት ቁርሱን አልበላም። ከሰዓት አስመለሰው። ማታ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ጀመረው፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ፓርቮ ነበር። ሦስት ቀን ግሉኮስ ተሰቅሎለት አራተኛው ቀን ላይ ሞተ።

ከዚያ በሁለት ወሩ ወንድሜ ሌላ ቡችላ ይዞልኝ መጣ። ሐኪሙ መልሰው አለኝ። ለካ ቫይረሱ ግቢው ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ እስከ ዓመትም ይደርሳል። የሚገድለው በረኪና ነው፣ እሱም ሲሚንቶ ላይ እንጂ አፈር ላይ ያን ያህል አይሠራም። የሬክስን ሳህን፣ ማሰሪያና ጨርቅ አቃጠልኩ። ቡችላው ወንድሜ ጋር ክትባቱን ጨርሶ ነው የመጣው።

ስለዚህ ሎሚን መሬት እንዳታስረግጪ።


የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ
ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3፡00

ማሂ፣ አዝናለሁ። ያየሽው ነገር ከባድ ነው።

ሎሚ ግን እስከ አራት ወሯ ቤት ተዘግታም አትኑር። ሰው፣ መኪና፣ ባጃጅ፣ ሕፃን፣ ዣንጥላ የያዘ ሽማግሌ፣ ሁሉንም አሁን ካላየች በኋላ ትፈራለች። የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ተሸክመሽ አዙሪያት። ክትባቱ የተሟላ ውሻ ያለበት ቤት ውሰጃት። የማይሆነው የመንገድ ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ጋሽ ዘውዴ። መቻል አጥር ባይዘልም፣ ወደ እሱ ዘልሎ የሚመጣ አለ። የታመመ ውሻ በበሩ ስር አፍንጫውን ያስገባል፣ ሁለቱ ይነካከሳሉ። ድመት አለ። ኮልፌ ላይ ደግሞ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ከኔ ይልቅ እርስዎ ነዎት የሚሰሙት። የታሰረ ውሻ መሸሽ እንኳን አይችልም። የአባትዎ ውሻ አሥራ አራት ዓመት መኖሩን አምናለሁ። የዚያን ጊዜ ጎረቤት የነበሩትን ውሾች ስም ግን ማንም አያስታውሳቸውም።


ኪያ ጉለሌ
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጋሼ፣ እኔም ልጨምር። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን ውሻ እግሬን ነከሰኝ። የታሰረ ውሻ ነበር፣ ያን ቀን ሰንሰለቱ ተበጥሶ። ክትባት አልነበረውም። አያቴ ወዲያው በሳሙናና በውኃ አጠበችኝ፣ እኔ እየጮኽኩ። ከዚያ «ፓስተር እንሂድ» አለች። እኛ ሰፈር ቦታው እስካሁን ፓስተር ነው የሚባለው፣ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበትን ማለቴ ነው። መርፌውን በተከታታይ ቀን እየሄድኩ ተወጋሁ። አያቴ ፀበሉንም አልተወችም፣ መርፌውንም አላስቀረችም። አንዱ ከሌላው ጋር አይጣላም ትል ነበር።

የጎረቤታችን ውሻ ካርድ ቢኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ሌሊት ባልታለቀሰ። ጎረቤታችን ለሳምንታት ቀና ብለው አላዩንም።


የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 4፡00

አያትሽ ብልህ ናቸው። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የነከሰው ውሻ ደግሞ አይገደል። ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ተጠብቆ ይታያል ብሎ ግን መርፌውን ማዘግየት አይገባም።

ፓስተር የሚለው ስም የመጣው ከሉዊ ፓስተር ነው። በፈረንጅ 1885 ሐምሌ ውስጥ፣ በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ሰው። ኪያ፣ አንቺም ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር አልሽ፣ ለዚህ ነው ትዝ ያለኝ። እሱ የሞተበት ሴፕቴምበር 28 ዛሬ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። በእኛ በአብዛኛው መስከረም 18 ላይ ይውላል፣ የመስቀል ማግስት።


እቴቴ ባለሦስት ውሻ
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 9፡20

ይኼን መስቀል የምትሉትን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ ሳላውቀው ዘንድሮ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ውሾቼን በመስቀል ማግስት የማስከትበው። ቀን መቁጠር አልችልም፣ ስልኬም ማስታወሻ ላይ አትረዳኝም። በዓል ግን አልረሳም።

የሎሚ አሳዳጊ፣ ፍሪጁ በር ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ይኼን ስሚኝ። ዓመታዊ ክትባት መስቀል ላይ ነው። የትል መድኃኒት በዓመት አራቴ ነው፤ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ሐምሌ አቦ። ሦስት ሦስት ወር ገደማ ይመጣል። በቃ። የሕፃኗ ግን ለብቻ ነው፣ ዶክተሩ ያሉሽን ተከተዪ።

ደግሞ በዓል ላይ የሆነበት ምክንያት አለው። በግ ሲታረድ ሳንባው፣ ጣፊያው፣ የተበላሸው ጉበት የት ይሄዳል? ለውሻው። ከእሱ በኋላ ነው ትል የሚያስቸግራቸው።


የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 1፡45

እቴቴ፣ ያወጡት የቀን መቁጠሪያ ከእኔ ይበልጣል። ከክሊኒኬ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምርበት።

ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ የአንድ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል እንቁላል በበጉ ውስጥ ያደገበት ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ከስድስት ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ያወጣል። ሕፃን ልጅ ውሻውን ዳሶ እጁን ወደ አፉ ሲያስገባ ያው ከረጢት የልጁ ጉበት ላይ ያድጋል። ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው የሚታወቀው፣ መፍትሔውም አንዳንዴ ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ ከረጢት ያለበት ነገር ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጠለቅ ተደርጎ። ደህና የሚመስለውንም ቀቅለው ይስጡ።

ሁለተኛው፣ የትል መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም። ለዚህኛው ትል ፕራዚኳንቴል የሚባለው ያለበትን ጠይቁ። ለክብ ትሎች ብቻ የሆነውን ገዝቶ «ሰጠሁት» የሚል ብዙ ነው።


ብሩክ አዲስ አሳዳጊ
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡10

ዶክተር፣ አያቴ ለውሻው ኮሶ ስጠው እያሉኝ ነው። እውነተኛውን ኮሶ። ቀልድ አይደለም።


የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡25

አትስጠው። ልኩ አይታወቅም፣ ከበዛ ይመርዛል። አያትህ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። ድሮ ሰው ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ማንም «ለምን በየጊዜው?» ብሎ አይጠይቅም። ውሻ ላይ ሲሆን ነው የምንገረመው።

የውሻው መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰላው። በዓይን አትገምት።


ብሩክ አዲስ አሳዳጊ
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡31

በምን ልመዝነው? ሚዛን ላይ አይቆምም።


ማሂ ከሳሪስ
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡40

መንገድ ዳር ሚዛን የያዘ ልጅ ጋ ሂድ። መጀመሪያ ተሸክመኸው ውጣ፣ ከዚያ ብቻህን ውጣ፣ ቀንሰው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ልጁ የሁለት ሰው አስከፈለኝ። ስከራከረው «እሱስ ነፍስ የለውም?» አለኝ። ከፈልኩ።


ዳንኤል ከቨርጂኒያ
ሐሙስ ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 4፡50

ከዚህ ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ወደ ውጭ ይዞ የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ካለ ካርዱን ከአሁኑ ያስተካክል።

እናቴ ልትጠይቀን ስትመጣ ያሳደገቻትን ውሻም ልታመጣ ፈለገች። የውሻዋ ካርድ በሥርዓት የተሞላ ነው፣ ማኅተሙም አለ። ቀኑ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። 2016 ይላል። እዚህ ያሳየሁት ሰው ቁጭ ብሎ ቆጠረና «ክትባቷ ካለፈ ስምንት ዓመት ሆነው» አለኝ! ውሻዋ ገና የሦስት ዓመት ናት፣ ሳትወለድ ተከትባ ማለት ነው። ስንት አስረዳሁት። በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፉ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በፈረንጅ ከኦገስት 1፣ 2024 ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል፣ ኢትዮጵያም የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ውሻው ስድስት ወር የሞላው መሆን አለበት። ቆዳው ስር የሚገባው መለያ፣ ማይክሮችፑ፣ ከእብድ ውሻ ክትባቱ በፊት መቀበር አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ከተወጋ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ደሙ ተቀድቶ እውቅና ወዳለው ላቦራቶሪ ይላካል። የደም ውጤት ከሌለ 28 ቀን ለይቶ ማቆያ ነው፣ በራስ ወጪ። መግቢያውም በተወሰኑ ኤርፖርቶች ብቻ ነው፣ ደግነቱ የኛው ዳለስ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው፣ አንዱ ነው። የአውሮፓው ደግሞ ከደም ምርመራው በኋላ ሦስት ወር ያስጠብቃል። እንግዲህ «በሚቀጥለው ወር ልሄድ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው አልቆለታል። ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነው።

እናቴ ምን አደረገች? ውሻዋን ለእህቴ ትታ መጣች። በቪዲዮ ታወራታለች።


ጋሽ ዘውዴ ዘኮልፌ
ሐሙስ ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 11፡15

ዳንኤል፣ ውሻ ለመሻገር ይኼን ያህል ወረቀት! የኔ ልጅ እንኳን ቪዛ ሲያገኝ ደሙ አልተላከም።

ዶክተሩ ስለ ጅቡ ያለውን ሰምቻለሁ። አልተናገርኩም እንጂ ሰምቻለሁ።


የሎሚ አሳዳጊ
ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 12፡30

ሄድን! ልንገራችሁ።

ዓርብ ደወልኩ። ዶክተር እንዳሉት «ክትባቱ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። የመጀመሪያው ቦታ አልቆባቸው ነበር። ዝም ብዬ ሄጄ ቢሆን ሁለት ውሻ ይዤ በከንቱ ነበር የምመለሰው። ሁለተኛው ቦታ አላቸው፣ ለጠዋት 3፡30 ያዙልኝ። ስለ ፍሪጁ ስጠይቅ ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ ራሷ ወስዳ አሳየችኝ። ውስጡ ቴርሞሜትር አለ፣ 4 ዲግሪ ይላል። ጀነሬተርም አላቸው።

ሎሚ በሙዝ ካርቶኗ እንደ ንግሥት ሄደች። ቦቢ ግን መኪና አይቶ አያውቅም። በር ላይ አራት እግሩን ተክሎ እምቢ አለ። ዘበኛችን አቅፎ አስገባው። መሃል መንገድ ላይ አስመለሰው፣ እቴቴ ያሉትን ላስቲክ አመሰገንኩ። የባለመኪናው ፊት ግን... ተዉት። የመኪና ማጠቢያ ጨምሬ ሰጠሁት።

ሐኪሟ ከመርፌው በፊት ሁለቱንም ከጥርስ እስከ ጅራት አየቻቸው። ለኔ አዲስ ነገር ነው፣ ወግቶ መሸኘት መስሎኝ ነበር። የቦቢ ጆሮ ውስጥ መዥገር ሞልቷል። ዘበኛችን ባለፈው ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት ቀብቶት እንደነበር ሲነግራት ፊቷ ተለወጠ። ውሻ ሲልሰው ይመርዘዋል አለች፣ ቡችላ ላይ ቢሆን ደግሞ ይገድላል። ለውሻ የተሠራ፣ በኪሎው የተለካ ጠብታ ሰጠችን። ትርፍ ምግብ የምንሰጣቸው ከሆነም ወጥ አትስጡ አለች። ሽንኩርቱ ደማቸውን ያበላሻል። እኔ የዶሮ ወጥ ፍትፍት እንደ ግብዣ ነበር የምቆጥርለት።

የሎሚ ጥፍር ተቆረጠ፣ ስለ ማምከንም አነሳንና ስድስት ወር ሲሞላት እንነጋገራለን ተባባልን። ካርዳቸው ላይ ስቲከሩ ተለጥፏል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጻፍኩ፣ ዳንኤል አመሰግናለሁ።

ቀጣዩ ኅዳር 13 ነው፣ ቅዳሜ። ሁለቱም ይሄዳሉ፣ የሎሚ የእብድ ውሻ ያኔ ነው። ሦስተኛው ታኅሣሥ 11፣ ሎሚ ብቻዋን። ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።


እቴቴ ባለሦስት ውሻ
ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1፡00

ኅዳር 13? የኅዳር ሲታጠን ማግስት ነዋ! እንኳን አንቺ እኔም አልረሳውም። ሰፈሩ በቆሻሻ ጭስ ሲጨስ «ነገ ሎሚ» ትያለሽ።

ቦቢን ደግሞ እስከዚያ መኪና አለማምጂው። ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ አስገብተሽ አንድ ቁራሽ ነገር ስጪውና አውጪው። በሦስት በአራት ቀን ራሱ ይገባል።


ጋሽ ዘውዴ ዘኮልፌ
እሑድ ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 2፡40

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ።

እቴቴ የጻፉትን፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም የሚሉትን፣ ወደ ኮልፌ የሚመጣ ካለ ስልኩን በውስጥ ላኩልኝ። ችግሩ መቻል ነው። እንግዳ ሰው አጠገቡ አያስደርስም። ሐኪሙን ይነክሰውና ያኔ ደግሞ ሐኪሙን ፓስተር ልወስደው ነው። አፉ ላይ የሚታሰረው ነገር የት ነው የሚሸጠው?


የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ
እሑድ ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 3፡05

ጋሼ፣ መግዛት አያስፈልግዎትም። ረዘም ያለ የጨርቅ መቀነት ወይም የነጠላ ቅዳጅ ካለዎት ይበቃል። አፉን ከላይ አንዴ ጠምጥመው፣ ከታች አቋርጠው፣ ከጆሮው ኋላ ያስሩታል። ማሰር ያለበት እርስዎ ነዎት፣ ሐኪሙ አይደለም። ከአሁኑ ጀምሮ በቀን አንዴ ጨርቁን እያሳዩ፣ ትንሽ እያሰሩ፣ ወዲያው ፈትተው ሥጋ ይስጡት። ሐኪሙ እስኪመጣ ይለምደዋል።

እያስመለሰው ወይም ሙቀት ላይ ሆኖ እያለከለከ ከሆነ ግን አይታሰርም። ጠዋት ይቅጠሩት።


ጋሽ ዘውዴ ዘኮልፌ
እሑድ ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 3፡50

ሞከርኩት። ጨርቁን በላው።


እቴቴ ባለሦስት ውሻ
እሑድ ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 3፡58

ሥጋውን መጀመሪያ ነው እንዴ የሰጡት?